ባንክ ሲወድቅ ዋሱ ማን ነው?

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ ስለበዙና መሐል ላይ የገባ ሰው መነሻውን ማግኘት ስላቃተው፣ ምን እንደተባለ ከመጀመሪያው ጀምሬ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ለትንንሽ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ሒሳብ እሠራለሁ። ጥያቄው የመጣብኝ ግን ከዕቁባችን ነው። ባለፈው ወር ሁለተኛው ዕጣ የደረሰው ገና ኡበር መንዳት ለጀመረ ልጅ ነበር። ጸሐፊያችን ገንዘቡን በፖስታ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ እጇን ግን ከላዩ አላነሳችም። ሁለት ዋስ እንዲጠራ ነገረችው። ልጁ ዞር ብሎ ሁለት ሰው ጠራ፤ ሁለቱም ተነስተው ደብተሩ ላይ ፈረሙ፤ እጇ ከፖስታው የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ማንም አልተቀየመም። ቀድሞ የሚወስድ ዋስ ይጠራል፤ የመጨረሻው ዕጣ የደረሰው ግን ከፍሎ ጨርሷልና ዋስ አያስፈልገውም። ይህን ለእኛ የጻፈልን ምክር ቤት የለም፤ ሰው ገንዘብ ሲይዝ ምን እንደሚሆን የሚያውቁ አባቶችና እናቶች ያቆዩት ነው።

ወደ ቤት ስነዳ 2005 ታወሰኝ። ያን ዓመት እኔና ባለቤቴ ቤት ገዛን። ብድሩ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ወለዱ ዝቅ ያለ፣ ከዚያ በኋላ ከገበያው ጋር የሚወጣ ነበር። ያስፈረመን ሰው አማርኛ ተናጋሪ ነው፤ ወረቀቱን እያገላበጠ ፊርማ የሚያርፍበትን በቢጫ ምልክት ያሳየናል፣ እኛ እንፈርማለን። ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ ወርኃዊው ክፍያ ከ1,900 ወደ 2,700 ዶላር ወጣ። ባለቤቴ ሁለት ሥራ ያዘች። በ2009 ቤቱ ሄደ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኛንም የወሰደን እንደዚያው ነው። ያስፈረመን ሰው ድርሻውን በፈረምንበት ቀን ተቀብሏል። አበዳሪውም ብድራችንን ወዲያው ሸጦታል። የገዛው ከሌሎች ሺህ ብድሮች ጋር አስሮ ቦንድ አደረገው፤ ደረጃ አውጪ ድርጅቶች ከፍተኛውን ደረጃ ሰጡት፤ ከዚያ ዓለም ተከፋፈለው። ካስፈረሙን፣ ከሸጡትና ደረጃ ከሰጡት መካከል እኛ ባንከፍል በቀጥታ የሚጎዳ አልነበረም።

ስለዚህ የጻፍኩት ጥያቄ ይህ ነበር። ሌማን ብራዘርስ የተባለው የዎል ስትሪት ባንክ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2008 በ158 ዓመቱ ሲወድቅ፣ በማግስቱ ኤአይጂ የተባለው የመድን ድርጅት በ85 ቢሊዮን ዶላር የመንግሥት ብድር ሲነሳ፣ በኦክቶበር ኮንግረሱ ባንኮችን ለማዳን 700 ቢሊዮን ሲፈቅድ፣ ማን ነበር ዋሱ? ማንስ ጠየቀን? በ2023 ሲሊከን ቫሊ ባንክ ሲዘጋስ? ቀድሞ የወሰደው ትርፉን ይዞ ሄደ፤ እኛ ሳንጠራ ዋስ ሆነን ተገኘን ብዬ ደመደምኩ።

1. የመጀመሪያዋ መላሽ ቨርጂኒያ ውስጥ በባንክ መስኮት ለብዙ ዓመታት የሠራች እህት ናት። በሰላምታ ጀምራ ያን ሴፕቴምበር ከመስታወቱ ወዲያ ሆና እንዴት እንዳየችው ተረከች። አንድ ጋሼ የገበያ ፌስታል ይዘው መጥተው ያላቸውን 11 ሺህ ዶላር በሙሉ በጥሬው እንዲሰጣቸው ጠየቁ። እሷ በአማርኛ እስከ 100 ሺህ ዶላር ድረስ መድን እንዳለው አስረዳቻቸው፤ ያኔ ጣሪያው 100 ሺህ ነበር፣ ወደ 250 ሺህ የወጣው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ነው። ጋሼ መድኑን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ጠየቋት። መንግሥት መሆኑን ነገረቻቸው። የመንግሥትስ ዋስ ማን እንደሆነ ጠየቋት። መልስ አጣች። ሰውዬው ብራቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለት ጊዜ ቆጥረው፣ ፌስታሉን ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ አድርገው ወጡ። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ጥያቄ ከጭንቅላቷ እንዳልወጣ ጻፈች።

2. ቀጣዩ፣ መንስኤው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን በእርግጠኝነት አሳወቀን። በ1933 የወጣው ግላስ-ስቲጋል የሚባለው ሕግ የሕዝብን ተቀማጭ የሚይዘውን ባንክ ከዎል ስትሪት ነጋዴው ለይቶ ያቆየ ነበር፤ በ1999 ያ ግድግዳ ፈረሰ፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ጎርፉ መጣ። ብዙ ሰው ወደደለት።

3. ከቶሮንቶ የጻፈ የኦዲት ባለሙያ ግን ሁለታችንንም አረመን፤ ትሕትና ባለው አነጋገር፣ ነገር ግን ሳይለሳለስ። የ2ኛው ታሪክ ለጆሮ ቢጥምም ሌማንም ሆነ በዚያው ዓመት ቀድሞ የወደቀው ቤር ስተርንስ ተቀማጭ የሚሰበስቡ ባንኮች አልነበሩም፣ ኤአይጂም መድን ሰጪ ነው፤ ግድግዳው ቢቆም ኖሮ እነዚህን አያስቀራቸውም ነበር። ያጠፋቸው ከራሳቸው ካፒታል 30 እጥፍ ያህል ዕዳ ተሸክመው መነገዳቸው ነው። ኤአይጂን ደግሞ የቀበረው ክሬዲት ዲፎልት ስዋፕ የሚባለው ውል ነው። ሲያስረዳ፣ የጎረቤትህ ቤት ቢቃጠል ለአንተ ገንዘብ የሚከፈልህን መድን እንደመግዛት እንደሆነ፣ ሻጩም ለቃጠሎው ቀን መጠባበቂያ እንዲያስቀምጥ የማይገደድበት መሆኑን ገለጸ። በ2000 የወጣ ሕግ ይህን ገበያ ከተቆጣጣሪዎች እጅ አውጥቶት ነበር።

ወደ እኔ ሲዞር ደግሞ ሁለት ነገር አነሳ። አንደኛ፣ በ2008 ለባንኮች የተሰጠው ገንዘብ አብዛኛው ከነወለዱ ተመልሷል። ሁለተኛ፣ በ2023 የሲሊከን ቫሊ ባንክ ባለአክሲዮኖች ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል፣ ኃላፊዎቹ ተባረዋል፣ የመድን ፈንዱን ጉድለት የሞሉት ሌሎች ባንኮች እንጂ ግብር ከፋዩ አይደለም። በጻፍኩት ቃል ልክ ዋስ ሆነን ከፍለናል ማለት ትክክል አይደለም አለ።

ልክ ነው፤ ይህን እዚህ ላይ እቀበላለሁ። ያኔም ተቀብዬ ጻፍኩለት። ነገር ግን ለባንኩ የተሰጠው ተመለሰ ማለትና ከእኛ የተወሰደው ተመለሰ ማለት አንድ አይደለም። በ2009 ማርች ኤአይጂ በሕዝብ ገንዘብ ቆሞ እያለ ለዚያው ኪሳራውን ላመጣው ክፍል ሠራተኞች 165 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ ሲከፍል፣ እኔና ባለቤቴ ዕቃችንን በተከራየነው ቫን እየጫንን ነበር።

4. አራተኛው መልስ ቆዳዬን ነካው። አንድ ወንድም፣ ራሱ በዚያን ጊዜ ቤት ሳይገዛ ተከራይቶ ቆይቶ በ2011 በርካሽ የገዛ መሆኑን ገልጾ፣ ያላነበበውን የፈረመ ሰው ሌላውን መክሰስ እንደሌለበት ጻፈ። የእኛ ሰው ትልቅ ቤት ለማሳየት ሲል ከአቅሙ በላይ ተበድሮ፣ ሲወድቅ ዎል ስትሪት ላይ ማላከክ ልማድ አድርጎታል አለ። ስም ባይጠራም ለእኔ መሆኑ ግልጽ ነበር።

5. እኔ መልስ ከመጻፌ በፊት አንዲት እህት ደረሰችልኝ። እናቷ ስትፈርም አጠገቧ የነበረች የ14 ዓመት ልጅ እንደነበረች፣ ወረቀቱ ከመቶ ገጽ በላይ እንደነበረና እሷ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋ እንድትተረጉም እንደተደረገች ጻፈች። አንድ ቃል ስላልገባት ዘላው እንዳለፈች፣ በኋላ ያ ቃል ወለዱ እንደሚለዋወጥ የሚናገረው እንደነበረ ስታውቅ ለዓመታት ራሷን እንደወቀሰች ነገረችን። ከዚያ 4ኛውን በቀጥታ ጠየቀችው፤ የ14 ዓመት ልጅ ማንበብ ነበረባት ወይስ ገንዘብ የሚሰጠው ሰው ተበዳሪው መክፈል እንደሚችል ማጣራት ነበረበት?

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ለእኔ የክሩ ልብ ይህ ነው። በ2010 የወጣው ዶድ-ፍራንክ የተባለው ሕግ ሁለት ነገር አስገድዷል። አበዳሪው ተበዳሪው ለመክፈል አቅም እንዳለው ማጣራት አለበት። ብድሮችን አስሮ የሚሸጥም፣ የተለየ መስፈርት ካላሟሉ በቀር፣ ቢያንስ 5 ከመቶውን ስጋት ለራሱ ይዞ መቆየት አለበት። ሁለተኛውን ሳነብ ጸሐፊያችን እጇን ፖስታው ላይ ያሳረፈችበት ቅጽበት ነው የታየኝ። 5 ከመቶ ትንሽ ናት። ግን ከሸጥኩ በኋላ የራሱ ጉዳይ ለሚል ሰው፣ አንዲት ጣቱን በሩ ውስጥ አስገብቶ እንዲቆይ ማድረግ ነው። በ2005 ይህ ቢኖር ኖሮ ያ ሰው በቢጫ ምልክት ብቻ አያስፈርመንም ነበር ብዬ አምናለሁ።

4ኛው ተመልሶ ለልጅቷ ይቅርታ ጠየቀ፣ ለእኔ ግን አልጠየቀም። ይሁን።

6. ስድስተኛው በ2008 ላይ መቆማችን ሰልችቶት ወደ 2023 ወሰደን፤ ጥሩም አደረገ፣ ምክንያቱም ሲሊከን ቫሊ ባንክን በቅርብ የተከታተለ ሰው ነው። ባንኩ በወረርሽኙ ዓመታት ከቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የጎረፈለትን ተቀማጭ ረጅም ዕድሜ ባላቸው የመንግሥትና የሞርጌጅ ቦንዶች ላይ አዋለው። ቦንዶቹ ውስጥ ማጭበርበር የለም። ነገር ግን የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭ ከ2022 ማርች ጀምሮ ወለድ በተከታታይ ሲጨምር፣ አዲሶቹ ቦንዶች የተሻለ ስለሚከፍሉ የድሮዎቹ ዋጋ ወረደ። ባንኩ ዋና የስጋት ኃላፊ ሳይኖረው ስምንት ወር ያህል ቆየ። ማርች 8 ቀን ቦንድ ሸጦ 1.8 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩን አሳወቀ፤ በማግስቱ በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ወጣበት፤ ማርች 10 ቀን ተዘጋ። ከተቀማጩ ዘጠና ከመቶ በላይ የሚሆነው ከመድኑ ጣሪያ በላይ ስለነበረ ሁሉም ሰው ለመሮጥ ምክንያት ነበረው። 6ኛው ከ1ኛዋ ጋር አነጻጸረው፤ ጋሼ በፌስታል የወሰዱትን ያህል እነዚህ በስልክ ሲወስዱ ሰልፍ እንኳ አልታየም።

7. ሰባተኛው አጭር ቢሆንም ክሩ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ ይበልጥ አበሳጭቶኛል፤ በጸሐፊው ሳይሆን በነገሩ። ዶድ-ፍራንክ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያላቸውን ባንኮች ጥብቅ ቁጥጥር ሥር አድርጓቸው ነበር። የሲሊከን ቫሊ ባንክ ዋና ኃላፊ በ2015 ለሴኔቱ ኮሚቴ ባቀረቡት ጽሑፍ ያ ጣሪያ ከፍ እንዲል ጠየቁ። በ2018 ኮንግረሱ ወደ 250 ቢሊዮን ከፍ አደረገው። ባንኩ ሲወድቅ ንብረቱ 209 ቢሊዮን ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ የተዘጋው የሲግኔቸር ባንክ የቦርድ አባል ደግሞ ባርኒ ፍራንክ ነበሩ፤ ሕጉ በስማቸው የሚጠራው ሰው። እሳቸውም ጣሪያው ከፍ እንዲል ደግፈው ነበር።

8. ስምንተኛው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከማለት በቀር ሌላ አልጨመረም።

9. ዘጠነኛው ተረቱን በተረት መለሰ፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን አምጥቶ፣ አሜሪካም እንደ እኛው መሆኗን፣ ተቆጣጣሪና ተቆጣጣሪ የሚደረግበት አብረው እንደሚበሉ ጻፈ። ከእሱ ጋር አልስማማም። ፌዴራል ሪዘርቭ በኤፕሪል 2023 ባወጣው ሪፖርት የራሱ ተቆጣጣሪዎች ችግሩን አይተው በበቂ ፍጥነትና ኃይል እንዳልገፉበት በግልጽ አምኗል። ሌብነት ቢሆን ቀላል ነበር፣ ሌባ ይያዛል። የከፋው ሁሉም ሰው በጥሩ ጊዜ ሕጉ ለምን እንደወጣ መርሳቱ ነው።

10. ከዙሪክ የጻፈው ወንድም አውሮፓም ከዚህ እንዳላመለጠች ለማሳየት የክሬዲት ስዊስን ታሪክ አመጣ። በ1856 የተቋቋመ ባንክ በዚያው ማርች 19 ቀን፣ እሑድ ማታ፣ በ3 ቢሊዮን ፍራንክ ለሌላው የስዊዘርላንድ ባንክ ለዩቢኤስ ተሸጠ። 16 ቢሊዮን ፍራንክ ያህል ዋጋ ያላቸው ልዩ ቦንዶች ዜሮ ሲደረጉ ባለአክሲዮኖች ግን የተወሰነ ነገር አገኙ፤ በተለመደው ሥርዓት ቀድሞ የሚከስረው ባለአክሲዮን ነው። የሚያሳስበው ግን ያ አይደለም። አሁን አገሪቱ ውስጥ አንድ ግዙፍ ባንክ ቀርቷል፣ መጠኑም ከስዊዘርላንድ ዓመታዊ ኢኮኖሚ ይበልጣል። እሱ ቢወድቅ የሚገዛው የለም። የሚኖርበት ሕንፃ ጥበቃ፣ አንድ የትግራይ ሽማግሌ፣ ዜናውን ሲሰሙ የሸሹት ባንክ ከሌለበት አገር መሆኑን ነግረውት ሁለቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ቡና እንደጠጡ ጨምሮ ጻፈ። ከርዕሱ ጋር ባይገናኝም ደስ ብሎኛል።

11. አስራ አንደኛው ከአዲስ አበባ ነው፤ ቁጡ ነበር። ዲያስፖራው በፈረንጅ ባንክ ላይ ሲያለቅስ እነሱ ዘይትና ጤፍ በየሳምንቱ ሲጨምር እያዩ መሆኑን፣ የሲሊከን ቫሊ ነገር ለመርካቶ ምንም እንዳልሆነ ጻፈ።

12. መልስ የሰጠችው በፋይናንስ ጉዳይ የምትሠራ፣ እሷም እዚያው አዲስ አበባ ያለች ሴት ናት። ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2014 ለዓለም ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ በ6.625 ከመቶ ወለድ ሸጠች። በ2021 መጀመሪያ በቡድን 20 ማዕቀፍ ዕዳዋ እንዲሸጋሸግ ጠየቀች። በዲሴምበር 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። የሲሊከን ቫሊ ባንክን የገፈተረው የወለድ ጭማሪ፣ እንደ እኛ ያሉ አገሮች አሮጌውን ዕዳ በአዲስ ብድር እንዳይተኩ በሩን ዘጋባቸው። የእኛ ችግር ጦርነትም ድርቅም የራሳችን ውሳኔም እንዳለበት አልካደችም፤ ግን ዋሽንግተን ውስጥ የተነሳ እጅ መርካቶ ውስጥ ዋጋ እንደሚያናውጥ በትዕግሥት አስረዳችው። 11ኛው በኋላ አመስግኗት ስለ ቦንዱ ጥያቄ ጠይቋታል።

13. የግል ባንክ ሠራተኛ የሆነ ሰው ደግሞ በአገር ቤት የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ መቋቋሙን፣ ለአንድ አስቀማጭ የሚሸፍነው እስከ 100 ሺህ ብር መሆኑን አስታወሰን። በዲሴምበር 2024 የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር መክፈቱንም አነሳ። የእሱ ፍርሃት ውድድሩ አይደለም፤ የተቆጣጣሪው አቅም አብሮ አለማደጉ ነው። እኔም ከዚህ ከርቀት ሆኜ የምፈራው እሱኑ ነው።

14. እዚህ ላይ አንዱ የ2024 ማርችን የንግድ ባንክ ጉዳይ አነሳ፤ ክሩም ነደደ። ያን ሌሊት ሲስተሙ ተዛብቶ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ሲወጣ ከወሰዱት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ያልመለሱትን ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ይፋ አደረገ። 14ኛው የጠየቀው፣ የኤአይጂን ጉርሻ የወሰዱት ፎቶ የተለጠፈው የት እንደሆነ ነው።

15. ከ15 እስከ 17 ያሉት በዚህ ተጣሉ። አንዱ የራስ ያልሆነን ገንዘብ መውሰድ ሌብነት መሆኑን፣ ድሃ መሆን ፈቃድ እንደማይሰጥ ጻፈ። ሌላው ሲስተሙን ያበላሸው ተማሪ አለመሆኑን መለሰ። ሦስተኛው ሁለቱንም ሰደበ፤ የእሱ መልስ ተነስቷል። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አስባለሁ፤ ገንዘቡ መመለስ ነበረበት፣ ነገር ግን የሕግ ጉልበት ለአንዱ በአደባባይ ለሌላው በዝግ ክፍል የሚሆን ከሆነ ሰው ሕግን ማክበሩን ይተዋል።

18. አንድ የነፃ ገበያ አማኝ ሁላችንንም ገሠጸ። እያንዳንዱ ውድቀት አዲስ ሕግ እንደሚወልድ፣ ትልልቆቹ መቶ ጠበቃ ቀጥረው ሕጉን እንደሚሸከሙት፣ የሚደቀው ትንሹ ባንክ እንደሆነ፣ እሱ ራሱ ለምግብ መኪናው ብድር ሲጠይቅ ስድስት ወር እንደተንከራተተ ጻፈ። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ ደንበኞቼ ላይ በየቀኑ አየዋለሁ። ግን የእሱ መልስ ለትንሹ የቀለለ ሕግ ይውጣ ማለት ሳይሆን ሁሉም ይቅር ማለት ነበር።

19. ለ18ኛው መልስ የሰጠው በቦሌ በአውሮፕላን ጥገና የሠራ ሰው ነው። ከዚህ መልስ በኋላ ክሩ ለሰዓታት ዝም አለ።

በመጀመሪያ ቀኑን አሳየን። ሲሊከን ቫሊ ባንክ የተዘጋበት ማርች 10 በእኛ መጋቢት 1 ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ በ2019፣ በዚሁ መጋቢት 1 እሑድ ጠዋት የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነስቶ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። 157 ሰው። ከአምስት ወር ያህል በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያው ዓይነት አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ ወድቆ ነበር። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋው ሶፍትዌር የሚያምነው አንዲት ዳሳሽ ብቻ ነበር፤ አብራሪዎች ስለ ሶፍትዌሩ በመመሪያቸው አልተነገራቸውም። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን የፈቃድ ሥራውን ብዙ ክፍል ለራሱ ለቦይንግ ሠራተኞች አስረክቦ ቆይቷል። ቻይናና እኛ በማግስቱ አውሮፕላኑን አስቆምን፤ አሜሪካ ያስቆመችው ማርች 13 ነው። በ2021 ጃንዋሪ ኩባንያው ከፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ጋር ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ፤ ከዚያ ውስጥ የወንጀል ቅጣቱ 243.6 ሚሊዮን ነበር። አብዛኛው ለአየር መንገዶች የሚከፈል ካሳ ነው።

ጸሐፊው ቁጥሩን ከጨረሰ በኋላ የራሱን አንድ ነገር ብቻ ጨመረ። በጥገና ክፍል ሥራ አንድ ብሎን ያጠበቀ ሰው ሥራውን ራሱ አጣርቶ አይፈርምም፤ ሌላ ሰው መጥቶ በባትሪ አይቶ፣ በእጁ ነክቶ ይፈርማል። የሁለት ሰው ስም ከሌለ አውሮፕላኑ ከሃንጋሩ አይወጣም። ይህን ሥርዓት ያስተማሩት አውሮፕላኑን የሚሠሩት ሰዎች መሆናቸውን፣ እነሱ ግን ለራሳቸው ሲሆን አንድ ስም በቂ አድርገው መገኘታቸውን ማመን እስከ ዛሬ እንደሚከብደው ጻፈ።

20. 18ኛው ለዚህ የመለሰው፣ ነፍሳቸውን ይማር በሚል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ሕግ ብዛት አልጻፈም።

21. ከ21 እስከ 23 ያለው ከርዕሱ ወጣ። አንዱ በሲያትል አንድ ሰው የዕቁብ ገንዘብ ይዞ ስለጠፋበት ታሪክ አወራ፤ ዋስ የፈረመለት የአክስቱ ልጅ ለሁለት ዓመት በየወሩ ከፍሎ ጨረሰ። አንዲት እህት ዋስ የሆነ ሰው እስከ መጨረሻው መክፈል አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን አንስታ ተከራከረች። ሌላው በቴክሳስ ጥሩ ዕቁብ የሚያውቅ ካለ እንዲጠቁመው ጠየቀ። ለእሱ በግል መልስ የሰጡት ይመስለኛል።

24. ሃያ አራተኛው በዚሁ በሜሪላንድና አካባቢው ያለ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ያዥ ነው። ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቦ አንድ ነገር እንዳስጨነቀው ጻፈ። ሕዝቡ ለሕንፃ በየእሑዱ ያዋጣው 412 ሺህ ዶላር በሙሉ አንድ ባንክ ውስጥ ነው። ግማሹ በቼኪንግ፣ ግማሹ በቁጠባ ስለሆነ እያንዳንዱ ለብቻው መድን እንዳለው ያምን ነበር።

25. 1ኛዋ እህት፣ የባንክ መስኮቷ፣ ተመለሰች። ሁለቱም ሒሳቦች የአንድ ባለቤት ስለሆኑ በአንድ ባንክ ውስጥ አብረው እንደሚደመሩና የሚሸፈነው 250 ሺህ ብቻ እንደሆነ ነገረችው። ባልና ሚስት የጋራ ሒሳብ ቢኖራቸው ለእያንዳንዳቸው 250 ሺህ ይሆናል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው። ቀሪውን ወደ ሌላ ባንክ ማዛወር እንጂ በዚያው ባንክ ሦስተኛ ሒሳብ መክፈት ምንም እንደማይጠቅም ደጋግማ ጻፈችለት። 3ኛውም ከቶሮንቶ ይህን አረጋገጠ።

እኔም ጻፍኩለት። 162 ሺህ ዶላር ያለ ዋስ ቁጭ ብሏል፤ ያዋጡት ሰዎች ውስጥ ደንበኞቼም አሉ፣ ማታ ማታ ቢሮ የሚያጸዱ እናቶች። ባንኩ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ምናልባትም አይሆንም። ግን ሰኞን አትለፍ አልኩት።

26. የመጨረሻው መልስ ትላንት ማታ የገባ ነው። ገንዘብ ያዡ ሰኞ ጠዋት ባንኩ ሲከፈት በር ላይ ነበር። ገንዘቡን ለማዛወር የሦስት ሰው ፊርማ ያስፈልጋል፤ እሱና ሊቀ መንበሩ ፈርመዋል፤ ሦስተኛዋ ፈራሚ እናቷን ለመጠየቅ አዲስ አበባ ሄዳለች፣ የምትመለሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። ባንኩ በአካል ካልመጣች ወይም ሕጋዊ ውክልና ካልላከች አይሆንም ብሎታል። አዲስ አበባ ካለው የአሜሪካ ኤምባሲ ውክልና በምን ያህል ቀን እንደሚያልቅ ጠይቋል፤ እስካሁን የመለሰለት የለም። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ዛሬውኑ ይጻፍለት።